በጠጠር ስለተነቆረ የፊት መስታወት ጥያቄና መልስ

ጎንደር ውስጥ የመኪና መስታወት መቀየርና መጠገን ሥራዬ ነው። ሰሞኑን ከአዘዞም ከማራኪም ከፒያሳም የሚጠይቁኝ ነገር ተመሳሳይ ሆኗል። የፊት መስታወቱ አልተሰነጠቀም፤ ግን በጥቃቅን ነቁጦች ተሞልቷል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት መንገዱ ይጠፋል። «ጥያቄያችሁን ጻፉልኝ» ብዬ ነበር። የመጡትን እነሆ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ከመተማ ጠዋት ስመለስ መስታወቱ ነጭ ሆኖ ምንም አይታየኝም። እኩለ ቀን ላይ ግን ጥርት ያለ ነው። ምን ነክቶት ነው?

ከመተማ ወደ ጎንደር ስትመጣ ፊትህ ወደ ምሥራቅ ነው። የጠዋት ፀሐይ ዝቅ ብላ ቀጥ ብላ መስታወትህን ትመታለች። ከሰዓት በኋላ በዚያው መንገድ ከጎንደር ወደ ምዕራብ፣ ወደ አይከል ስትወጣም ያው ነው።

አሸዋና ጠጠር መስታወቱን በመታው ቁጥር ትንሽ ፍርፋሪ ያነሳል። የሚተወው ጎድጓዳ ነቁጥ ብርሃኑን ወደ ዓይንህ ይበትነዋል። እኩለ ቀን ላይ ብርሃኑ ከላይ ስለሚመጣ ነቁጦቹ አይታዩም። ማታ ከፊትህ የሚመጣ መኪና መብራትም እንደ ጠዋት ፀሐይ ነው የሚያደርግህ።

ግን አስቀድመህ መስታወቱን ከውስጥ በኩል አጽዳው። የዳሽቦርዱ ፕላስቲክ ሲግል የሚያወጣው ተን፣ ትንፋሽና አቧራ ተደራርበው ስስ ቅባት ይሠራሉ። እሱም ልክ እንደዚሁ ያንጸባርቃል። ከውስጥ የሚያጸዳ ሹፌር ብዙ አይደለም። ካጸዳህ በኋላ ማታ አንድ ሰው ከውጭ በኩል ባትሪ አጋድሞ ያብራ፤ አንተ ከወንበርህ ሆነህ እይ። ነቁጦቹ ተራ በተራ ያበራሉ። በጥፍርህም ዳስሰው። ጥፍር ከያዘ ጉድጓድ ነው፤ ካልያዘ ቆሻሻ ወይም የውሃ ጠባሳ ሊሆን ይችላል። የውሃ ጠባሳ በኮምጣጤ ይለቃል።

ጥያቄ፦ ላቫጆ ላይ አንድ ልጅ «በፖሊሽ አጠፋልሃለሁ» አለኝ። እውነት ነው?

አይጠፋም። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ስለሆነ ይህን ሰፋ አድርጌ ልመልሰው።

ለመስታወት የተሠራ ፖሊሽ አለ። ሴሪየም ኦክሳይድ የሚባል ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ፣ በለስላሳ ጨርቅና በማሽን ይፈተጋል። ጭጋጋማ የሆነ ገጽን ያጠራል፤ ቀላል ጭረትንም ያደበዝዛል። የጠጠር ነቁጥ ግን ጉድጓድ ነው። እሱን ለማጥፋት በዙሪያው ያለው መስታወት በሙሉ እስከ ጉድጓዱ ወለል ድረስ መውረድ አለበት። ሺህ ነቁጥ ያለበትን መስታወት በሙሉ እንዲህ ማውረድ አይቻልም። አንድ ቦታ ብቻ ካወረዱት ደግሞ እዚያ ላይ መስታወቱ እንደ መነጽር ይሆናል። የመንገዱ መስመር ይጎብጣል፤ ርቀት ያሳስታል። ይህ በሹፌሩ ዓይን ትይዩ ከሆነ ከነቁጡ የባሰ አደጋ ነው። ማሽኑን ያለ ውሃ አንድ ቦታ ላይ ካቆዩት ደግሞ መስታወቱ ግሎ ሊሰነጠቅ ይችላል።

የቀለም ፖሊሽ ከሆነ ጭራሽ እንዳታስነካው። ነጭ ቅሪቱ ጉድጓዶቹ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ብርጭቆ ወረቀትም መስታወትህ አካባቢ አይድረስ።

ጥያቄ፦ የጥርስ ሳሙናስ?

ያው ነው፤ ጉድጓድ አይሞላም።

ጥያቄ፦ ሙጫ እየሞሉ የሚጠግኑ አሉ። ለእኔስ አይሆንም?

ያ ለሌላ ጉዳት ነው። የፊት መስታወት ሁለት ስስ መስታወቶች ናቸው፤ መሃላቸው ላይ ፕላስቲክ ተጣብቋል። ተመቶ የማይበተነው ለዚህ ነው። አንድ ትልቅ ጠጠር ሲመታው የውጪው መስታወት ይፈነጠቃል፤ ውስጡም ትንንሽ ስንጥቅ ይሆናል። ለዚህ ዓይነቱ ሙጫ ይሠራል። አየሩን መጥጠው ያወጣሉ፣ ሙጫውን ያስገባሉ፣ በልዩ መብራት ያደርቁታል። ጠባሳው በትንሹ ይታያል፤ ስንጥቁ ግን እንዳይሄድ ይያዛል። ፍንጣቂው ከአንድ ብር ሳንቲም ካልበለጠ፣ ጠርዝ አካባቢ ካልሆነና በሹፌሩ ዓይን ትይዩ ካልሆነ ይሞከራል። አሸዋ የበተናቸው በመቶ የሚቆጠሩ ነቁጦች ግን በሙጫ አይጠገኑም።

ፍንጣቂ ያገኘው ሰው ዛሬውኑ ጥርት ያለ ፕላስተር ይለጥፍበት። ውሃና አቧራ ከገባ ሙጫው አይይዝም። ከመተማ ሙቀት ወደ ጎንደር ብርድ ሲወጣ መስታወቱ ይኮማተራል፤ ትንሿ ፍንጣቂ መንገድ ላይ ልትሄድ ትችላለች። ደርሳችሁም በጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታስደፉ።

ጥያቄ፦ የእኔ ነቁጥ ሳይሆን መጥረጊያው የሚሄድበትን መንገድ የተከተለ ክብ ጭረት ነው። መኪናዋ ከአራዳ ርቃ አታውቅም።

እህቴ፣ ያንቺ የአሸዋ ሥራ ቢሆንም ከጠጠር ምት ይለያል። በበጋ መስታወቱ ላይ አቧራ ይተኛል። የዝናብ መጥረጊያውን በደረቁ ስታስነሺው ያን አቧራ እየጎተተ ይፍቃል። ለመጫር ጥቂት ጊዜ ማስነሳት ብቻ ይበቃል። ሁልጊዜ ውሃ ርጪ፣ ከዚያ መጥረጊያውን አስነሺ። የመርጫው ውሃ ካለቀ ቆመሽ በጠርሙስ አፍስሺበት። ጎማውንም በጣትሽ ዳብሺው፤ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ሰኔ ሳይገባ ቀይሪው። ከመስታወት ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ምንም ማለት አይደለም።

መኪናውን የሚያጥበውንም ልጅ ተከታተዪው። በመጀመሪያ ውሃ ብቻ አፍስሶ አሸዋውን ያውርድ። ጎማና ቸርኬ የታጠበበት ስፖንጅ መስታወት መንካት የለበትም። ቀላል ጭረት ከሆነ ቅድም ያልኩት የመስታወት ፖሊሽ ለአንቺ ሊረዳሽ ይችላል። ጥፍር የሚይዝ ከሆነ ግን ተዪው።

ጥያቄ፦ ሲኖትራክ ኋላ ስሄድ ስንት ሜትር ልራቅ?

በሜትር ሳይሆን በሰከንድ ቁጠር። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስትሄድ በሰከንድ 17 ሜትር ያህል ትሄዳለህ። ሲኖው አንድን ምልክት ካለፈበት ቅጽበት ጀምረህ ቁጠር፤ አንተ እዚያው እስክትደርስ 4 ሰከንድ ይሁን። ወደ 70 ሜትር ይመጣል። ኮረኮንች ላይ ወይም አስፋልቱ በተገለጠበት ቦታ ከዚህም ራቅ በል።

ከሁሉ በላይ ፍጥነትህን ቀንስ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የምቱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ጠጠር የሚበትን መኪና ከፊት እየመጣ ከሆነ ደግሞ የሁለታችሁ ፍጥነት ተደምሮ ነው የሚመታህ። ስለዚህ ስትተላለፉ እግርህን ከነዳጅ ላይ አንሳ። ጋቢና ውስጥ ያሉት ቢቸኩሉም አንሳ።

ጥያቄ፦ ዝናብ የሚያንሸራትተው ፈሳሽ ቢቀባስ?

ለክረምት ጥሩ ነው፤ ውሃው ቶሎ ይሸሻል፣ ጭቃውም በቀላሉ ይለቃል። ነቁጡን ግን አይሸፍንም።

ጥያቄ፦ ታዲያ መቼ ነው የሚቀየረው? ስቀይርስ ምን ልጠንቀቅ?

መስታወቱ ከውስጥም ከውጭም ጸድቶ፣ መጥረጊያውም አዲስ ሆኖ፣ ፀሐይ ወይም መብራት ሲገጥምህ አሁንም እግረኛ የማይለይህ ከሆነ ጊዜው ደርሷል። ነቁጡ በረዳቱ በኩል ብዙ፣ በአንተ በኩል ጥቂት ከሆነ መታገስ ይቻላል። ከአዘዞ እስከ ፒያሳ መንገዱን የሚያቋርጠው ሰው ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ተማሪው፣ በጉን የሚነዳው፣ ማታ በጥቁር ጋቢ የሚሄደው ሽማግሌ። እነሱን ማየት ግዴታችን ነው። ስለዚህ «ገና አልተሰነጠቀም» የሚለውን መልስ አልቀበልም።

ስትገዛ በጥግ በኩል የታተመውን ጽሑፍ አንብብ። የፊት መስታወት «ላሚኔትድ»፣ ማለትም ቅድም ያልኩት መሃሉ ፕላስቲክ ያለው ድርብ መስታወት፣ መሆን አለበት። «ቴምፐርድ» የሚለው የጎን መስታወት ነው፤ ሲመታ ወደ ጥራጥሬ ይበተናል፣ ለፊት አይሆንም። ያገለገለ ከገዛህ አውጥተህ ወደ ፀሐይ አቅንተህ እየው። የሌላ ሰው ነቁጥ ከፍለህ እንዳትወስድ።

በማጣበቂያ የሚገጠም መኪና ከሆነ ለዚሁ የተሠራ የዩሬቴን ማጣበቂያ ይጠቀሙ፤ የቤት መስኮት ሲሊኮን አይበቃም። በብዙ መኪና የተሳፋሪው ኤርባግ ሲነፋ የሚደገፈው በዚህ መስታወት ነው፤ መኪና ሲገለበጥም ጣሪያውን ያግዛል። ማጣበቂያው እስኪደርቅ አትንዳ። ቱቦው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ጠብቅ፤ ማሳደር ከቻልክ አሳድረው። በዚያ ጊዜ የጎን መስታወት ትንሽ ክፈት፣ በርም አትወርውር፤ የታመቀው አየር አዲሱን መስታወት ይገፋዋል።

ጥያቄ፦ አባቴ ማታ ሲነዱ መብራት በጣም ያስቸግራቸዋል። መስታወቱን ቀየርንላቸው፤ አሁንም ያው ነው ይላሉ።

ልጄ፣ እንግዲህ መስታወቱ ላይሆን ይችላል። በዕድሜ የሚመጣ የዓይን ሞራም ብርሃንን እንደ ነቁጥ ይበትነዋል። በሌላ ሰው መኪና ውስጥ ተቀምጠው፣ ወይም በእግራቸው ሲሄዱ፣ መብራቱ እንደዚያው የሚበተንባቸው ከሆነ ዓይናቸው መታየት አለበት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ማዕከል አለው፤ ውሰጂያቸው። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል። እስኪታዩ ድረስ ማታ ቁልፉን አንቺ ያዢላቸው። ቢጫ መነጽር የሚሸጥልሽ ካለ አትግዢላቸው፤ ማታ ብርሃን ይቀንሳል እንጂ አያሳያቸውም።