ፓርቲ ቢያስጠላችሁም ወረዳችሁን አትተዉ

ልጆች፣ ሙያዬ ቀያሽነት ነው። አዲስ አበባ ወደ ዳር ስትሰፋ አያትም፣ ቱሉ ዲምቱም ባዶ ሜዳ ላይ ችካል ስንተክል ነበር። አሁን ጡረታ ወጥቼ የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ጎረቤቶቼም አብዛኞቹ የእናንተ ዕድሜ ናቸው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ወይም የፈረቃ ውሃ ስንጠብቅ ምርጫ ካነሳሁ መልሱ አንድ ነው። «ይተዉን ጋሼ፣ ሁሉም ያው ናቸው።»

ዝም ብላችሁ የተናገራችሁት አይደለም። በቂ ምክንያት አላችሁ።

የ1997ቱን ምርጫ ከወላጆቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። ፓርቲዎች በቴሌቪዥን በቀጥታ ሲከራከሩ ሰው ሥራውን ትቶ ይከታተል ነበር። ሚያዝያ 30 መስቀል አደባባይ የወጣውን ሕዝብ ያየ ሰው አይረሳውም። የምርጫው ቀን ደግሞ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፈን፣ አንዳንዱ ጣቢያ ላይ እስከ ሌሊት ቆምን። ተቃዋሚው ቅንጅት በከተማው ምክር ቤት ከ138 መቀመጫ 137ቱን አሸነፈ። ከዚያስ? ሰው ሞተ፣ ብዙ ሺህ ሰው ታሰረ፣ መሪዎቹም ወህኒ ወረዱ፣ ያሸነፈው ፓርቲ ከተማዋን ሳይረከብ ቀረ፣ እኛም እስከ 2000 ድረስ ማንም ባልመረጠው ባለአደራ አስተዳደር ተዳደርን። ቅንጅትም ተሰነጣጥቆ ፈረሰ። ያን ያህል ተስፋ ያደረገ ሕዝብ በገዢውም በተቃዋሚውም ቢያዝን አይፈረድበትም።

በ2002 ገዢው ኢሕአዴግና አጋሮቹ በፌዴራል ፓርላማ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ያዙ። በ2007 ሁሉንም ወሰዱ፣ አንድም አልቀረም። በ2013 ደግሞ ብልፅግና ምርጫ ከተካሄደባቸው 436 መቀመጫዎች 410ሩን አገኘ። አንዱ ምክንያት ተቃዋሚ እንደልቡ መንቀሳቀስ አለመቻሉ ነው። ሌላው ሥርዓቱ ነው፤ ሕገ መንግሥታችን በአንድ የምርጫ ክልል ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘው መቀመጫውን ይውሰድ ይላል። ለሌሎቹ የተሰጠው ድምፅ ምንም ያህል ቢበዛ ምክር ቤት አይገባም።

እንደ ቀያሽ ግን ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው አያነሳውም። አዲስ አበባ በ1997 በፌዴራል ፓርላማ 23 መቀመጫ ነበራት። በ2013ም 23 ነበራት። በመሀሉ ግን ስንት ሺህ ቤተሰብ ከመሀል ከተማ ተነሥቶ ወደ ዳር ወጣ፣ የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ ተሠሩ፣ ለሚ ኩራ የሚባል አዲስ ክፍለ ከተማ ተቋቋመ! የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው። የዛሬው ነዋሪ የት እንዳለ በደንብ ሳይቆጠር የምርጫ ክልልን በትክክል መከለል አይቻልም፤ ይህን ማንም ቀያሽ ይነግራችኋል። አንድ የምርጫ ክልል ውስጥ ሰው በበዛ ቁጥር የእያንዳንዳችሁ ድምፅ ክብደት ይቀንሳል። ዳር የምንኖር ሰዎች ፓርላማው ይርቀናል ስንል አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ወረዳው ነው። መታወቂያ የምናወጣው ወረዳ ነው። የቤት ጉዳይ ያው ወረዳ። ለልደት ምዝገባ፣ ለንግድ ፈቃድ፣ ለሥራ ፈላጊ ምዝገባ ስትመላለሱ የምታገኙት ወረዳውን እንጂ ፓርላማውን አይደለም። የወረዳ ምክር ቤት ለመጨረሻ ጊዜ የተመረጠው ደግሞ ሚያዝያ 2005 ነው። ያኔ 33 ተቃዋሚ ፓርቲዎች ሜዳው እኩል አይደለም ብለው ራሳቸውን አገለሉ። ቅሬታቸው እውነት ነበረው፤ ግን ወረዳው ያለ ተፎካካሪ ቀረ። በ2010 መደረግ የነበረበት ምርጫ ተራዘመ፣ በ2013ም የከተማው ምክር ቤት ብቻ ተመረጠ። አብዛኞቻችሁ በየቀኑ ደጁን የምትጠኑትን ወረዳ አንድም ቀን መርጣችሁ አታውቁም። እና «ድምፄ ምን ይለውጣል» ስትሉ፣ ለውጡን በዓይናችሁ ልታዩ የምትችሉበት ቦታ ላይ ድምፅ ስጡ ብሎ የጠየቃችሁ ሰው እንደሌለ አስታውሱ። እኔ ፓርቲዎችን በሙሉ የምወቅሳቸው እዚህ ላይ ነው። ሁሉም ዓይኑ ያለው አራት ኪሎ ላይ ነው። ጃቴ ወይም አቃቂ ያለ ወረዳ እንዴት እንደሚሠራ ተዘጋጅቶ የሚናገር እጩ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ እየተባለ ነው ያደግነው። ስጋቱ ከየት እንደመጣ ስለማውቅ ማንንም ፈሪ አልልም። ግን መራቅና ማኩረፍ አንድ አይደሉም። ፓርቲ አትውደዱ፣ አባል አትሁኑ፣ ችግር የለውም። በመራጭነት የመመዝገብ መብታችሁን ግን አታባክኑ። ሕጉ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖርን ይጠይቃል። እናንተ ደግሞ ኪራይ በጨመረ ቁጥር ከጀሞ ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ ከዚያ ወደ አራብሳ ስለምትዞሩ፣ መታወቂያችሁ የድሮው ወረዳ ላይ ቀርቶ ሳታውቁት ከመዝገብ ውጭ ትሆናላችሁ። ቤት ስትቀይሩ መሸኛ ማውጣትን ከዕቃ ማጓጓዝ እኩል ቁጠሩት። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ከደጃችሁ ጀምሩ። የጋራ ሕንፃ ባለቤቶች ማኅበር በ370/1995 አዋጅ የቆመ ነው፤ ጠቅላላ ጉባኤ አለው፣ ቦርድ ይመርጣል፣ ሒሳብ ያቀርባል። እኛ ብሎክ ስብሰባ ሲጠራ የሚመጡት ሽማግሌዎችና ጥቂት እናቶች ናቸው። ቤቱ የወላጆቻችሁ ከሆነ ውክልና ይዛችሁ ኑ። ተከራይ ከሆናችሁ ድምፅ ባይኖራችሁም ቁጭ ብላችሁ ስሙ፣ ለጥበቃና ለውሃ ፓምፕ የተዋጣው ብር የት እንደገባ ጠይቁ። የሒሳብ ሪፖርት ማንበብ፣ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ የማይስማማችሁን ሰው ሳትሰድቡ መርታት የሚለመደው እዚያ ነው። ፓርቲዎቻችን ያጡት ይህን የለመደ ሰው ነው።

እጩ ሰፈራችሁ ሲመጣ ደግሞ ስለ አገር ግንባታ አታስወሩት፣ እሱን ሸምድዶ ነው የሚመጣው። «የወረዳችንን ምክር ቤት የምንመርጠው መቼ ነው? ፓርላማ ከገባህ ይህን በስንት ጊዜ ውስጥ ታነሳለህ?» በሉት። መልሱን በስልካችሁ ቅዱና የሰፈሩ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ልቀቁት። የሚቀጥለው እጩ ሲመጣም ያንኑ ጠይቁት።