የአንባቢያን ጥያቄ፦ ታናካ መንገድ ሠሪ ነበር ወይስ ጉቦኛ?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ውስጥ በመንገድ ዲዛይን ሥራ ላይ ነኝ። ሰሞኑን ከባልደረባዬ ጋር ጣና ዳር ቡና እየጠጣን ስለ ቀድሞው የጃፓን ጠቅላይ ሚኒስትር ስለ ካኩኤይ ታናካ ተከራከርን። እሱ «ጉቦኛ ነው» ይላል፤ እኔ ደግሞ «ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ አገሩን ያለማ ሰው ነው» እላለሁ። ማናችን ነን ልክ? (አንባቢ፣ ከሹም አቦ)

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ግን ነገሩን ለሁለት ከከፈላችሁት ሰውየው አይገባችሁም፤ መንገዱንም ገንዘቡንም ያመጣው ያው አንድ አሠራር ነው። (ዓመቶቹ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ታናካ በ1918 በኒጋታ ገጠር ተወለደ። ኒጋታን ለመረዳት በረዶውን ማወቅ ያስፈልጋል። ከሳይቤሪያ የሚነሣው ነፋስ የጃፓንን ባሕር ሲሻገር እርጥበት ይሸከማል፤ ተራራው ሲያግደው በረዶውን እዚያው ያራግፋል። ከተራራው ማዶ ያለችው ቶኪዮ ግን ደረቅ ፀሐይ ታገኛለች። በረዶው ሲቆለል መንደሩ ይዘጋል፣ ወንዱ ለቀን ሥራ ወደ ከተማ ይሄዳል። ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ሲያጥለቀልቁ ላየ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

ታናካ በ15 ዓመቱ ቶኪዮ ገባ፤ ቀን እየሠራ ማታ ምሕንድስና ተማረ፣ ኋላም የኮንስትራክሽን ድርጅት ከፈተ። በ1946 ምርጫ ተሸነፈ፣ በ1947 ምክር ቤት ገባ።

ለመንገድ ሰው ትልቁ ትምህርት የ1953ቱ ሕግ ነው። የቤንዚን ቀረጥ ለመንገድ ብቻ እንዲውል የሚያስገድደውን ይህን ሕግ ከገፉት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ታናካ ነበር። ከዚያ በኋላ የመንገድ በጀት በየዓመቱ ከሌላው ሁሉ ጋር መሻማት ቀረለት፤ ነዳጅ በተቃጠለ ቁጥር አስፋልቱ ይረዝማል።

ሁለተኛው መሣሪያው ኤትሱዛንካይ የተባለው የደጋፊዎች ማኅበር ነበር። መንደሩ ድልድይ ሲፈልግ ጥያቄውን ለማኅበሩ ቅርንጫፍ ያቀርባል፣ ቅርንጫፉ ወደ ታናካ ቢሮ ያደርሰዋል፣ ቢሮው ሚኒስቴሩን ይይዛል። በጀቱ ሲፈቀድ ሥራው ለአካባቢው ተቋራጭ ይሰጣል፤ ተቋራጩም በምርጫ ጊዜ ሰውና ገንዘብ ይዞ ይመጣል። የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ከታናካ ጋር የተያያዘ ድርጅት በናጋኦካ ከተማ የሺናኖ ወንዝ ዳር ጎርፍ የሚበላውን መሬት በርካሽ ገዛ። ጥቂት ቆይቶ መንግሥት የጎርፍ መከላከያ ግድብና ድልድይ ሠራበትና ዋጋው ናረ። የዓባይ አዲሱ ድልድይ ሲሠራ የመሬት ዋጋ ወሬ እንዴት እንደሚሮጥ የባሕር ዳር ሰው አይነገረውም፤ ወሬውን ቀድሞ የሚሰማው በጀቱን የያዘው ሰው ሲሆን ምን እንደሚመጣ ማሰብ ነው።

በሐምሌ 1972 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፤ በመስከረም ቤጂንግ ሄዶ ከቻይና ጋር ግንኙነት አደሰ። ይህ በእኔ አስተያየት ከሥራዎቹ ሁሉ የላቀው ነው። ፋብሪካን ወደ ገጠር የመበተን ዕቅዱ ግን የመሬት ነጋዴዎችን ቀሰቀሰ፤ የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ሲጨመርበት በ1974 የሸቀጥ ዋጋ ከ20 በመቶ በላይ ጨመረ። ስለ ሀብቱ ምንጭ ጋዜጠኞች ሲጽፉ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሥልጣን ለቀቀ። በ1976 ደግሞ ከአሜሪካው የአውሮፕላን ፋብሪካ ሎክሂድ 500 ሚሊዮን የን ተቀብለሃል ተብሎ ታሰረ፤ በጥቅምት 1983 አራት ዓመት እስራትና 500 ሚሊዮን የን ቅጣት ተፈረደበት።

በሁለት ወሩ ምርጫ ተደረገ። በይግባኝ ላይ የነበረው ታናካ ከኒጋታ 220,761 ድምፅ አገኘ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ከቶኪዮ አጠገብ ካለችው ኦሚያ ወደ ኒጋታ የሚሄደው ፈጣን ባቡር ያንኑ በረዶ የሚያግደውን ተራራ በ22 ኪሎ ሜትር ዋሻ ውስጥ ማቋረጥ ጀምሮ ነበር። ባልደረባዎ «ጉቦኛን ለምን መረጡት?» ካለ መልሱ ዋሻው ውስጥ አለ።

ታናካ በ1985 ስትሮክ መታውና አቅሙ ተሰበረ። በታኅሣሥ 1993 ሲሞት ጉዳዩ ገና በጠቅላይ ፍርድ ቤት ነበር።