ሦስት ከአምስት ከተሰጠኝ ወዲህ ሥራ አስጠላኝ

ጥያቄ፦ ደንበኞች አገልግሎት ክፍል ውስጥ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። በየስድስት ወሩ እንመዘናለን፤ ከአምስት አራት በታች አግኝቼ አላውቅም ነበር። ባለፈው ግን ሦስት ተሰጠኝ። አለቃዬ “የዘጋኸው የጥያቄ ብዛት ቀንሷል” ከማለት በቀር ምንም አላለኝም። የቀነሰው ደግሞ አስቸጋሪ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ወደ እኔ ስለሚመሩት ነው። ከዚያ ወዲህ እኔም ቀላል ቀላሉን እየመረጥኩ ቶሎ ቶሎ እዘጋለሁ፤ ሰዓት ሲደርስ ውልቅ። ሰነፍ ሆንኩ ማለት ነው?

መልስ፦ አልሰነፍክም። ምዘናው ያስተማረህን በደንብ ተምረሃል እንጂ! የሚቆጠረው የተዘጋ ጥያቄ ብቻ ከሆነ፣ አንድ የተናደደ ደንበኛን ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያስረዳ የዋለ ሰው የሚያገኘው ቅጣት ነው፤ ይህን ለመረዳት አንድ ዙር ምዘና ይበቃል።

ቅሬታህም ያንተ ብቻ አይደለም። ክሉገር እና ዴኒሲ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ከ600 በላይ የጥናት ውጤቶችን ሰብስበው ሲያዩ፣ ለሰው ስለ ሥራው ግብረ መልስ መስጠት በአማካይ ጠቃሚ ሆኖ ተገኘ፤ ከሲሶ በሚበልጡት ላይ ግን ጭራሽ ሥራውን አበላሽቶታል። እነሱ እንደሚሉት ሐሳባችን ከሥራው ወጥቶ “እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?” ወደሚል ሲሄድ ነገር ይበላሻል። አንተም የጠየቅኸኝ “ሰነፍ ሆንኩ ወይ” ብለህ ነው፤ ስለ ሥራው አይደለም።

አለቃህ ክፉ ላይሆን ይችላል። ኮምፒውተሩ ያወጣለትን ቁጥር ማንበብ ካንተ ጋር ቁጭ ብሎ ከማውራት ስለሚቀለው ይሆናል (ብዙ አለቆች እንዲህ ናቸው)።

ስለዚህ ግባና አነጋግረው። “ሦስቱ ለምን አራት አልሆነም” ብለህ አትጀምር። በስድስት ወር ውስጥ ስንት ከባድ ጉዳይ እንደያዝክ፣ እያንዳንዱ ስንት ሰዓት እንደወሰደ ጽፈህ ያዝ። ከዚያ “እነዚህ ወደ እኔ መምጣታቸው ይቀጥላል? ከቀጠለ በምን ነው የሚለካልኝ?” በለው። የደመወዝ ጉዳይ ለሌላ ቀን ይቆይ። ጀነራል ኤሌክትሪክ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ውስጥ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣ ጥናት እንኳ ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ መሻሻል በአንድ ስብሰባ መነጋገር እንደማይሆን አይቷል፤ ገንዘብ ከተነሳ ሰው ራሱን ወደ መከላከል ይሄዳልና።

“ሲስተሙ ነው፣ ምን ላድርግ” ካለህ፣ ቢያንስ ከባዶቹ ለሁላችሁም እኩል ይከፋፈሉ በል። ቀላል ቀላሉን መምረጥህን ግን ከወዲሁ ተው፤ ማስረጃ ይዘህ የምትገባው በከባዶቹ ነው።