«ቃል በቃል ልደግምላት እችላለሁ፤ ታዲያ ለምን አትሰማኝም ትለኛለች?»

ጥያቄ፦ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ስሆን በሐዋሳ ከተማ በሒሳብ ሠራተኛነት እተዳደራለሁ። ባለቤቴ መምህርት ናት። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ውሎዋን ስታጫውተኝ በጥሞና እከታተላታለሁ። መሥሪያ ቤታችን ባዘጋጀው ሥልጠና ላይ «በመግባባት ውስጥ የቃላት ድርሻ 7 በመቶ ብቻ ነው፤ 93 በመቶው የድምፅ ቃናና የሰውነት እንቅስቃሴ ነው» ስለተባልንም ዓይን ዓይኗን እያየሁ፣ ጭንቅላቴንም እየነቀነቅሁ ነው የማዳምጣት። ይሁን እንጂ ጨዋታችን ብዙ ጊዜ የሚቋጨው «አንተ እኮ አትሰማኝም» በሚል ቅሬታ ነው። በቅርቡ ርእሰ መምህሩ በባልደረቦቿ ፊት እንደተቆጧት ስትነግረኝ፣ «በጽሑፍ አቤት በይ፤ ካልሆነም ዝውውር ጠይቂ» አልኳት። ምንም ሳትመልስልኝ ተነሥታ ወደ መኝታ ቤት ገባች። የተናገረችውን አንድም ሳላስቀር ልደግምላት እችል ነበር። ምን አጥፍቼ ነው?
ከሐዋሳ

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ያለ ጊዜው መጣ እንጂ የሰጡት ምክር በራሱ ክፉ አልነበረም። በመምህርነት የሚሠራ ሰው አቤቱታ የት እንደሚቀርብና ዝውውር እንዴት እንደሚጠየቅ አይጠፋውም፤ ስለዚህ ባለቤትዎ ያን ምሽት መፍትሔ ቸግሯቸው ነበር ለማለት ያዳግታል። ይልቁንም በሰው ፊት መዋረዱ፣ በማግሥቱ ከእነዚያው ባልደረቦች ጋር ፊት ለፊት መገናኘቱ፣ ምናልባትም መልስ መስጠት ሲገባቸው ዝም ማለታቸው ሳይከነክናቸው አልቀረም። እርስዎ በሁለት ዓረፍተ ነገር መፍትሔ ሲያቀርቡ ጉዳዩ ለእርስዎ ተዘጋ፤ ለእሳቸው ግን ገና መነገር እየጀመረ ነበር።

መልስ ለመስጠት መቸኮል የእርስዎ ብቻ ጠባይ አይደለም። በኔዘርላንድስ ናይሜኸን ከተማ የሚገኘው የማክስ ፕላንክ ተቋም ተመራማሪዎች የመሩትና በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በ10 ቋንቋዎች የተደረጉ ጭውውቶችን መርምሮ፣ በጥያቄና በመልስ መካከል የሚያልፈው ጊዜ በአማካይ 200 ሚሊ ሰከንድ ገደማ፣ ማለትም የአንድ ሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ መሆኑን አሳይቷል። አንዲት ቃል አስቦ ለመናገር ግን 600 ሚሊ ሰከንድ ያህል ያስፈልጋል። እንግዲህ ሌላው ሰው ንግግሩን ሳይጨርስ እኛ መልሳችንን በውስጣችን ማሰናዳት እንጀምራለን ማለት ነው። ይህ ለዕለት ተዕለት ጨዋታ ይበጃል፤ አንድ ሰው የከበደውን ሲያካፍለን ግን መልሳችንን ስናሰናዳ የሚያመልጠን የንግግሩ ማብቂያ ነው፤ ሰው ደግሞ ዋናውን ነገር ብዙ ጊዜ የሚያወጣው ዙሪያውን ከተናገረ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ ነው።

በሥልጠናው ስለሰሙት 93 በመቶም ጥቂት እንበል፤ ብዙ ሰው ሲያሳስት እናያለንና። ቁጥሩ የመጣው የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት መሕራቢያን ከባልደረቦቹ ጋር በ1967 እ.ኤ.አ. ካሳተማቸው ሁለት ጥናቶች ነው። የተፈተነው ደግሞ ነጠላ ቃላት በተለያየ ቃና ሲነገሩና ከፊት ገጽታ ጋር ሲቀርቡ አድማጭ የተናጋሪውን ስሜት እንዴት እንደሚገምት ነበር እንጂ ሰዎች ስለ ውሏቸው የሚያወጉት ወግ አልነበረም፤ ተመራማሪው ራሱም ቁጥሩ ለማንኛውም ዓይነት ንግግር እንደማይሠራ ገልጿል። ዓይን ዓይን ማየትና ጭንቅላት መነቅነቅ መልካም ነው። ሆኖም ትንፋሽን ወደ ውስጥ ስቦ «አዎ» እንደማለታችን ሁሉ፣ ልባችን ሌላ ቦታ ሆኖም ልናደርገው የምንችለው ነገር ስለሆነ ለመደመጥ ዋስትና አይሆንም።

ለእርስዎ ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅመው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ካርል ሮጀርስ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ያቀረበው ቀላል የሚመስል ሕግ ነው። በክርክር መካከል ማንም ሰው የራሱን ሐሳብ ከመናገሩ በፊት ከእሱ በፊት የተናገረውን ሰው ሐሳብና ስሜት መልሶ ይግለጽ፤ በትክክል መግለጹንም የሚመሰክርለት ያ የመጀመሪያው ተናጋሪ ይሁን፤ ሕጉ ይህ ነው። ሁለት ነገሮችን ልብ ይበሉ፦ መልሶ የሚገለጸው ቃሉ ብቻ ሳይሆን ስሜቱም ነው፤ መሰማቱን የሚፈርደው ደግሞ ሰሚው ሳይሆን ተናጋሪው ነው። እርስዎ «ልደግምላት እችል ነበር» ሲሉ ፈተናውን ራስዎ አውጥተው ራስዎ አርመውታል።

ያን ምሽት በዚህ መንገድ ቢያስኬዱት ምን ሊመስል እንደሚችል እንይ። ባለቤትዎ ነገሩን እንደጨረሱ አንድ ሁለት ጊዜ ተንፍሰው፣ «ይበልጥ የከነከነሽ በሰው ፊት መሆኑ ነው?» ብለው ቢጠይቋቸው፣ «አይ፣ እሱስ ለምጄዋለሁ፤ ያናደደኝ እኔ አፌን ይዤ መቅረቴ ነው» ሊሉዎት ይችላሉ። ግምትዎ ስቷል፤ ነገር ግን መሳቱ አልጎዳም፤ እንዲያውም ሳይጠየቁ የማይናገሩትን አስወጥቷል። የእኛ ሽማግሌዎች ባልና ሚስት ሲያስታርቁ አንዱ የሆዱን ሳይጨርስ ሌላው እንዳያቋርጠው የሚከለክሉት፣ ወደ ፍርድም የማይቸኩሉት ይህን ስለሚያውቁ ነው። ከዚያ በኋላ «መላ እንፈልግለት ወይስ ለጊዜው ዝም ብዬ ልስማሽ?» ማለት ይቻላል። ስለ ዝውውሩ የመከሩት ምክር ተጠይቀው ሲሰጡት ሌላ ዋጋ ይኖረዋል። የምናስጠነቅቅዎ ግን የተባለውን ቃል በቃል እየመለሱ ማስተጋባትን ነው፤ «ርእሰ መምህሩ ተቆጡሽ አይደል?» የሚል ባል ሰሚ ሳይሆን መርማሪ ይመስላል።

በሌላ ቀን ቅሬታው በእርስዎ በራስዎ ላይ ሲሆን ሁሉም ይከብዳል። ያን ጊዜም ከማስተባበልዎ በፊት ቢያንስ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የ26 ዓመት ወጣት ስሆን በሪያድ በቤት ሠራተኛነት እሠራለሁ። ኮምቦልቻ ላለችው እናቴ ስደውል መልሷ ሁልጊዜ «ደህና ነን፣ ምንም አልሆንን» ነው። ባለፈው ዓመት ሆስፒታል ተኝታ እንደነበር የሰማሁት ከወራት በኋላ ከጎረቤት ነው። እውነቱን እንድትነግረኝ እንዴት ላናግራት?
ከሪያድ

መልስ፦ እኅታችን፣ እናትሽ የደበቁሽ ስላላመኑሽ አይመስለንም። ባሕር ማዶ ላለ ሰው ክፉ ወሬ በስልክ አለመንገር፣ መርዶም ቢሆን ሰው አፈላልጎ በቅርብ ሰው ማስነገር በሕዝባችን ዘንድ የኖረ ጥንቃቄ ነው። ሆኖም አንድ ነገር መርምሪ፤ ቀደም ሲል ትንሽ ሕመም ሲነግሩሽ ምን አደረግሽ? አልቅሰሽ፣ ተበድረሽ ገንዘብ ልከሽ፣ ወይም «ሥራዬን ጥዬ መጣሁ» ብለሽ ከሆነ፣ እናትሽ መናገር ልጃቸውን እንደሚጎዳት ተምረዋል። ሰሚ ለትንሹ ወሬ የሚሰጠው ምላሽ ትልቁ ይነገረው ወይስ አይነገረው የሚለውን ይወስናል።

«ደህና ናችሁ?» የሚለው ጥያቄ መልሱ የታወቀ ሰላምታ ስለሆነ እሱን አልፈሽ ዕለቱን ጠይቂ፦ «ዛሬ ማን ቤት ቡና ጠጣሽ? ገበያ ማን ሄደልሽ? ሌሊት እንቅልፍ ወሰደሽ?» እናትሽ «ሰሞኑን እንኳ ቡና አልወጣሁም» ካሉ ነግረውሻል ማለት ነው። እዚህ ላይ «ለምን? ምን ሆነሽ?» ብለሽ አትደራርቢ፤ ድምፅሽን ሳታናውጪ «እንዴት ነው ታዲያ?» ብለሽ ጠብቂ። በኢንተርኔት ስልክ ድምፅ ስለሚዘገይ ሁለት ሰው አንድ ላይ የሚናገርበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ዝምታው ረዘመ ብለሽ አትሙዪው።

ከዚያም ስትሰሚ ምን እንደምታደርጊና ምን እንደማታደርጊ በግልጽ ንገሪያቸው፤ «ብትነግሪኝ ተበድሬ አልልክም፤ ሳላውቅ መቅረቴ ግን እንቅልፍ ይነሣኛል» ብለሽ፣ ቃልሽንም ጠብቂ። ጎረቤቷን ከእናትሽ ተደብቀሽ ወሬ አቀባይ ከማድረግ ይልቅ፣ እናትሽ ሐኪም ቤት ቢገቡ በዚያው ቀን የሚደውልልሽ ሰው ማን እንዲሆን እንደሚፈልጉ ራሳቸውን ጠይቂና የዚያን ሰው ስልክ ቁጥር ከእሳቸው ተቀበዪ።