የቅቤው ማሰሮ በየት በኩል ይሄዳል?

ጥያቄ፦ ለዓምዱ አዘጋጅ ሰላምታዬ ይድረስዎ። በጣሊያን ወረራ ዘመን በደሴ ስለኖሩ ተራ ሰዎች ልብ ወለድ እየጻፍሁ ነው። ዋናዋ ባለታሪክ ልጇ በማይጨው የቀረባት ባልቴት ስትሆን፣ በቅቤ ማሰሮ ጥይት ደብቃ ከደሴ ወደ ኩታበር ለአርበኞች ታደርሳለች። የኬላው ወታደር ማሰሮውን ሊከፍት ሲል «ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!» ብላ ትጮኻለች። ጎረቤቷ የጣሊያኖች አስተርጓሚ ነው፤ ባንዳ ላድርገው ወይስ የውስጥ አርበኛ? ታሪኩ የሚጀምረው በ1936 ዓ.ም. ነው። ያነበቡልኝ ወዳጆቼ «መጨረሻው ከመጀመሪያው ገጽ ያስታውቃል» አሉኝ። ምን ጎደለው? (ከደሴ)

መልስ፦ በቅድሚያ ዘመኑን ያስተካክሉ። 1936 የፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ጣሊያን ደሴ የገባው ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲሆን፣ የደቡብ አፍሪካ ጦር ከኮምቦልቻ በኩል ወጥቶ ከተማዋን የያዘው ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። በእኛ 1936 ደሴ ውስጥ የጣሊያን ኬላ አልነበረም።

ወደ ማሰሮው ልምጣ፤ እኔን ከሁሉ በላይ ያቆመኝ እርሱ ነውና። ቅቤ ከገጠር ወደ ከተማ ይገባል እንጂ ከከተማ ወደ ገጠር አይወጣም። ከደሴ ገበያ ቅቤ ተሸክማ ወደ ኩታበር የምትመለስ ሴት ብትኖር፣ ወታደሩ ባይጠረጥራት እንኳ አብረዋት የሚሄዱት ገበያተኞች «ምን ነካት?» ይላሉ፤ እናትዎን ቢጠይቁ ይህንኑ ይነግሩዎታል። ገበያ ውላ የምትመለስ ሴት የምትይዘው ጨው ነው። ጨው ደግሞ ራሱ ስለሚከብድ የጥይቱን ክብደት ይሸፍንላታል፤ ጎንበስ ብላ ብትሄድ፣ ዳገቱ ላይ ቆማ ብታርፍ፣ ማንም ለምን አይላትም። ጥይቱን ከጨው ከረጢት ሥር ያድርጉላትና ኬላው ላይ ወታደሩ እጁን ሲሰድ ያሳዩን። ጣቱ ስንት ስንዝር ገባ? ስንት ስንዝርስ ቀረው? ጩኸቱን ግን ይሰርዙት። ያቺ ሴት የምትጮኸው ለአንባቢ እንጂ ለወታደሩ አይደለም፤ እርሷ በዚያች ሰዓት የምትፈልገው እንደ ሌላው ገበያተኛ መምሰልን ብቻ ነው።

ወዳጆችዎ ያሉት እውነት ነው፤ ምክንያቱም ባለታሪኮችዎ ሁሉ 1933ን ያውቃሉ። በ1929 ደሴ የነበረ ሰው ግን ይህን አያውቅም ነበር። እርሱ ያየው ኅዳር 26 ቀን 1928 ከተማዋ በአውሮፕላን ስትደበደብ፣ ከማይጨው የተረፈው ሠራዊት ተበታትኖ ሲመለስ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ባሕር ሲሻገሩ ነው። ከዚያ ወዲህ ጣሊያን ከአሥመራ በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚደርሰውን መንገድ ሲሠራ፣ ድልድዩንም በድንጋይ ሲያቆም ያያል። በድንጋይ የሚገነባ ሰው ነገ ይሄዳል ብሎ ማን ይገምታል? «ይህ ነገር እስከ ልጅ ልጆቼ ቢዘልቅስ?» ብላ እየፈራች ጨውዋን የምትሸከም ባልቴት፣ ድሉን አስቀድማ ካወቀችው ይልቅ ልብ ትነካለች።

እምቢታ ሁሉ ጥይት መሸከም እንዳልሆነም ያስቡበት። ጣሊያን ሊሬውን ሊያስለምድ ቢደክምም፣ ሕዝቡ ወረቀቱን ትቶ የማርያ ቴሬዛን ብር ይመርጥ ነበር። እህል ሻጯ ሊሬውን ገልብጣ አይታ «መልስ የለኝም» ብላ ስትመልሰው አንድ ሙሉ ትዕይንት ይወጣዋል። በወሎ ደግሞ ሌላም አለ። ወራሪው መስጊድ እየሠራና ለእስላሙ ያደላ እየመሰለ እስላሙንና ክርስቲያኑን ሊለያይ ሞክሯል። አጎት ሼህ፣ የእህት ልጅ ዲያቆን በሚሆኑበት አገር ይህ ሙከራ ወደ ቤት ሲገባ ምን እንደሚመስል በእርስዎ ረቂቅ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ከአቦሉ እስከ በረካው አንድ ረከቦት ከበው የሚጠጡ ጎረቤታሞች፣ አንደኛው ከጣሊያን ስጦታ ከተቀበለ በኋላ በዚያች ቡና ላይ ምን ያወራሉ? ምንስ ሳያወሩ ያልፋሉ?

ስለ አስተርጓሚው አጭር ነገር ልበል። «ባንዳ» መጀመሪያ ጣሊያን መደበኛ ላልሆነው ያገሬው ጦሩ የሰጠው ስም ነው፤ ስድብ የሆነው በሕዝቡ አፍ ነው። አርበኛውንም ወራሪው «ሽፍታ» ይለው ነበር። ስለዚህ ሰውየው ከባልቴቷ ጋር ሲጨዋወት «ሽፍቶቹ» ይበል ወይስ «አርበኞቹ»፣ ለአለቃውስ ሲያወራ የትኛውን ይምረጥ የሚለውን በጥንቃቄ ይወስኑ። ማንነቱን ግን እርስዎ አይንገሩን። ኬላው ላይ እርሱ ቆሞ ይተርጉም። ባልቴቷ «ጨው ነው ጌታዬ» ትበል፤ እርሱም ያንን አጭር ቃል ረዘም አድርጎ በጣሊያንኛ ይመልሰው፤ ወታደሩ ይሳቅና እጁን ከከረጢቱ ያውጣ። እርሷ ጣሊያንኛ አታውቅም። ምን ብሎ እንዳሳለፋት እስከ መጨረሻው ገጽ ሳታውቅ ብትቀር እኔ በበኩሌ ቅር አይለኝም።