አንቲቦዲው ካለ ለምን አይከላከልም?

«ምርመራው የሚያገኘው አንቲቦዲ ከሆነ ታዲያ አንቲቦዲው ለምን ኤችአይቪን አያጠፋውም?» ላልሽው፣ እኔም ፒያሳ አካባቢ ስመረመር ከጣቴ የተወሰደችው ጠብታ ደም መመርመሪያው ላይ ቀስ እያለች ስትሄድ እያየሁ ይሄንኑ ሳስብ ነበር።

ሰውነት ከተያዘ በሳምንታት ውስጥ አንቲቦዲ፣ ማለትም ቫይረሱ ላይ የሚጣበቅ የመከላከያ ፕሮቲን፣ ይሠራል። ግን ቫይረሱ ቶሎ ቶሎ መልኩን ይቀይራል። ለትናንቱ መልክ የተሠራው አንቲቦዲ ሲደርስ እሱ ዛሬ ሌላ ሆኗል። በዛ ላይ ላዩ በስኳር የተሸፈነ ነው፤ ስኳሩን የሚያለብሰው ደግሞ የራሳችን ሴል ስለሆነ ሰውነት እንደ ባዕድ አያየውም።

የሚገርመው ግን፣ ከተያዙት ጥቂቶቹ ላይ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ብዙ ዓይነት ኤችአይቪን የሚያከሽፍ አንቲቦዲ ይፈጠራል። አንቲቦዲ የሚሠሩት ቢ ሴሎች ሊምፍ ኖድ (የመከላከያ ሴሎች የሚሰባሰቡበት ዕጢ) ውስጥ እየተባዙ ዘረመላቸውን ይቀያይራሉ፣ ቫይረሱን አጥብቆ የሚይዘው ይመረጣል፣ ደግሞ ይቀየራል፣ ደግሞ ይመረጣል። በ2010 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ቪአርሲ01 የተባለው አንቲቦዲ እንዲህ የመጣ ነው። የሚይዘው ቫይረሱ ሲዲ4 ሴል (ኤችአይቪ የሚያጠቃው የመከላከያ ሴል) ላይ የሚጣበቅበትን ቦታ ነው፤ ያንን ቦታ ደግሞ ቫይረሱ እንደልቡ መቀየር አይችልም።

እንዲህ ያለው አንቲቦዲ ለተፈጠረበት ሰው ግን ረፍዷል፤ የራሱ ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ አምልጦታል። ስለዚህ እባክሽ፣ «አንቲቦዲ አለኝ» ብሎ መድኃኒት የሚያቋርጥ ሰው ካወቅሽ ዛሬውኑ አናግሪው። የክትባት ተመራማሪዎች አሁን የሚሞክሩት ያንን የዓመታት መንገድ ሰው ሳይያዝ በፊት፣ ደረጃ በደረጃ በሚሰጡ መርፌዎች ቢ ሴሎቹን ማስጀመር ነው።