መልስ፦ መጠይቅ ብቻውን አይበቃም

ወንድሜ፣ ጅማ ውስጥ ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች ስልክና ኮምፒውተር እንዴት እንደሚጠቀሙ ለማጥናት መጠይቅ ይበቃል ወይ ብለሃል። አይበቃም። «ቶክባክ (ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብልህን የአንድሮይድ ስክሪን አንባቢ) ትጠቀማለህ?» ስትል «አዎ» ይሉሃል፤ የት ላይ እንደሚቸገሩ ግን አታይም። አጠገባቸው ቁጭ በል፤ በራሳቸው ስልክ፣ በለመዱት ፍጥነት ይሥሩ። «ቀስ አድርግልኝ» እንዳትል፣ አሠራራቸው ይቀየርብሃል። ኮምፒውተር ላይ ኤንቪዲኤ የተባለው የዊንዶውስ ስክሪን አንባቢ ከሆነ ኢንሰርትና ኤን ተጭነህ ከመሣሪያዎች ውስጥ የንግግር ማሳያውን ክፈት፤ የሚናገረው በጽሑፍ ይመጣልሃል።

ስልክ ላይ የስክሪን ቀረጻን አትመን፤ የቶክባክን ድምፅ ብዙ ጊዜ አይይዝም። ሌላ ስልክ አጠገቡ አስቀምጠህ ድምፁን ቅዳ፤ የይለፍ ቃል ሲያስገቡ ግን አቁም።

የምትሰጣቸውን ፋይል መጀመሪያ ራስህ በስክሪን አንባቢ ሞክረው። ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ምስል ስለሆነ የሚነበብ የለውም። ዩኒኮድ (ለሁሉም ፊደላት የጋራ የሆነው የኮምፒውተር ኮድ) ባልሆነ የድሮ የግዕዝ ፎንት የተተየበ ደግሞ የላቲን ፊደላት ዝባዝንኬ ሆኖ ይሰማል። የፋይሉን ጥፋት የተማሪው አድርገህ እንዳትመዘግብ! ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚቀይረው ኢስፒክ አማርኛም አፋን ኦሮሞም ያነባል፣ ድምፁ የሮቦት ቢሆንም፤ በየትኛው እንደሚያዳምጡ ጠይቅ። የፈቃድ ቅጹን ደግሞ ከቀናት በፊት በቴሌግራም በጽሑፍ ላክላቸው፣ ብቻቸውን ያዳምጡት።